ሕፃን ልጅ ይዞ ቤት ለቆ መውጣት፦ ከየት ይጀመራል?

የሜሪላንዱን አፓርትመንታችንን ለቀን፣ ሶፋና አልጋውን ሸጠን ከአገር አገር እየተዘዋወርን መኖር ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። ስንወጣ ልጃችን ሁለት ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። አሁን አራት አልፏታል። "አብዳችኋል" ያሉን ዘመዶች ራሳቸው ዛሬ "እስቲ አሠራሩን ንገሩን" ይሉናል። ስለዚህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ለምን ወጣችሁ ለሚለው አጭሩ መልስ ይኸውላችሁ። ባለቤቴ አይቲ ነው፣ እኔ ነርስ ነኝ። ለዴይኬር በወር ከ2,000 ዶላር በላይ እየከፈልን ልጃችንን በደንብ የምናያት በቀን ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ከሁለቱ አንዱ ደግሞ በእራት፣ በገላ መታጠብና "ተኚ በቃ" በሚል ጭቅጭቅ ያልቃል። አንድ ቀን ማታ ውኃ ስትጠይቀኝ "ሚስ" ብላ ጠራችኝ። የዴይኬር አስተማሪዋን የምትጠራው እንደዚያ ነው። እሷ ልብ አላለችውም። እኔ ኩሽና ገብቼ ትንሽ ቆየሁ።

ወደ ሥራው እንግባ። ካሁኑ አንድ ነገር ልናገር፦ ጉዞውን የሚመራው የልጁ እንቅልፍ ነው። የአውሮፕላኑ ሰዓት፣ የቤት ኪራዩ፣ የሥራ ሰዓታችሁ፣ አንድ ከተማ የምትቆዩበት ጊዜ፣ ሁሉም ከሱ በኋላ ይመጣል። እኛ ይህንን ተቃጥለን ነው የተማርነው።

1. ከመሸጣችሁ በፊት ሞክሩት

ቤትም ሥራም ሳትለቁ አራት ወይም ስድስት ሳምንት ፈቃድ ወስዳችሁ ውጡ። ለሽርሽር አይደለም። ልክ እዚያ እንደምትኖሩ ሆናችሁ ሞክሩት፤ ራሳችሁ አብስሉ፣ ልብስ እጠቡ፣ ከተቻለም በሳምንት ጥቂት ቀን ከዚያው ሆናችሁ ሥሩ።

የኛ ሙከራ አዲስ አበባ ነበር፣ አማቴ ቤት። ከዋሽንግተን በቀጥታ 13 ሰዓት ገደማ ይበራል፤ የሰዓት ልዩነቱ እንደ ወቅቱ ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ነው። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሌሊቶች ልጃችን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ዓይኗ ፍጥጥ ብሎ ትነሳለች። በሁለተኛው ሌሊት አማቴ ምንም ሳይሉ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ፣ ከሰል አቀጣጠሉ፣ ቡና ቆሉ። ከዚያ ወዲያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የቤቱ የቡና ሰዓት ሆነ፤ ልጅቷ ፈንዲሻ እየበላች፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እያንቀላፋሁ። ሰውነት በግምት በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚላመደው፣ ስለዚህ ለሰባት ሰዓት ልዩነት አንድ ሳምንት ስጡት። በዚያ ሳምንት ቀጠሮ አትያዙ። ጠዋት ጠዋት ልጁን ደጅ ፀሐይ ላይ አውጡት፣ ቀን ከልክ በላይ አታስተኙት። ዘመድ "እኛ ቤት ሳትመጡ?" ብሎ ይቀየማል፤ ይቀየም፣ በሳምንቱ ይታረቃችኋል።

ጥፋታችን ቀጥሎ መጣ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ፣ አርባ ምንጭ፣ ተመልሰን አዲስ አበባ። አርባ ምንጭ ላይ ልጄ መብላት አቆመች። ሙዝ ሰጠኋት፣ ወረወረችው። አርባ ምንጭ ሙዝ አገር ነው፤ እዚያ ሙዝ የወረወረ ልጅ አንድ ነገር ሆኗል ማለት ነው። ትኩሳት የለም፣ ተቅማጥ የለም። ሐኪሙ አገላብጦ አይቷት "አልታመመችም፣ ደክሟት ነው" አለኝ። ነርስ ነኝ እኮ! አፈርኩ። ልጅቷ በየሦስት ቀኑ ማታ ስትተኛ አንድ ጣሪያ፣ ጠዋት ስትነሳ ሌላ ጣሪያ ነበር የምታየው።

ከዚያ ወዲህ ሕጋችን አንድ ነው፦ አንድ ቦታ ከአንድ ወር በታች አንቀመጥም። ወር ሲሆን ኪራዩም ይቀንሳል፣ ልጁም የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ስም ያውቃል።

2. ወረቀት፣ በተለይ የስም ጣጣ

በአሜሪካ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ሲወጣ ሁለቱም ወላጆች በአካል መቅረብ አለባቸው። አንዱ ካልቻለ ዲኤስ 3053 የሚባለውን ፎርም ኖተሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ፈርሞ ይሰጣል። ፓስፖርቱ የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው። ብዙ አገሮች ደግሞ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ፓስፖርት ስለሚፈልጉ አራት ዓመት ተኩል ነው ብላችሁ ቁጠሩት።

አሁን ወደኛ ጣጣ። በአገራችን ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፣ ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል። ፓስፖርት ላይ ሲሰፍር የባለቤቴ የመጨረሻ ስም የአባቱ ነው፣ የኔ የአባቴ ነው፣ የልጄ ደግሞ የባለቤቴ ስም ነው። ሦስት ሰው፣ ሦስት የቤተሰብ ስም። ለኛ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነው። ለድንበር ሠራተኛ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ሕፃን ይዘው ቆመዋል።

አንድ ጊዜ ባለቤቴ ቀድሞን ሄዶ እኔና ልጄ ብቻችንን ሆንን። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ በጣቱ ስማችንን እያስተያየ ቆየ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ልጄን "ይህቺ ማናት?" አላት። ሚጡዬ ደግሞ ብስኩት ከልክያት ስለነበር ኩርፊያ ላይ ናት። ዝም። ደግሞ ጠየቃት። ፊቷን አዞረች። ወደ ጎን ወጥተን 40 ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተቀመጥን። ያዳነን ቦርሳዬ ታች የተጣጠፈው የልደት ወረቀት ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ከእጅ ቦርሳችሁ አታውጡ። የሁለቱም ወላጆች ስም ያለበት የልደት ምስክር ወረቀት፣ ዋናው። የጋብቻ ወረቀት ኮፒ። አንዳችሁ ብቻችሁን ከልጁ ጋር የምትሻገሩ ከሆነ ሌላኛው በኖተሪ የፈረመበት፣ ቀኑና አገሩ የተጻፈበት የፈቃድ ደብዳቤ። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ለብቻው አይበቃም፤ ስልክ ይዘጋል።

ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም፣ ስለዚህ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ልጅ እንደ ውጭ ዜጋ ነው የሚገባው። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ማለትም ቢጫ ካርዱ፣ ለልጅም ይወጣል፤ ካለው ቪዛ አያስፈልገውም። በአንድ ቤት ውስጥ የተለያየ ፓስፖርት ካላችሁ ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ አጣሩ። ለምሳሌ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኬንያ ያለ ቪዛ ይገባል፤ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ልጁ ግን ከመሳፈሩ በፊት በኢንተርኔት የመግቢያ ፈቃድ መሙላት አለበት። ሕፃን ነው ብሎ የሚያልፈው የለም።

3. ክትባትና የመድኃኒት ቦርሳ

ይህ ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ላርዝመው። የልጁን ሐኪም ከመነሳታችሁ ቢያንስ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ እዩ። አንዳንዱ ክትባት በአንድ ቀን አያልቅም።

ኩፍኝ፦ በአሜሪካ መደበኛው የመጀመሪያው ክትባት ከ12 እስከ 15 ወር፣ ሁለተኛው ከ4 እስከ 6 ዓመት ነው። ለሚጓዝ ልጅ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው 28 ቀን በኋላ መስጠት ይቻላል። ከ6 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን ደግሞ ለጉዞ አንድ ተጨማሪ ይወስዳል፤ ይህኛው ግን ከሁለቱ አይቆጠርም።

ቢጫ ወባ፦ ከ9 ወር ጀምሮ ይሰጣል። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ የምትሄዱ ከሆነ ይጠየቃል፣ ምክንያቱም ኢትዮጵያ በሽታው አለባቸው ከሚባሉት አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። የክትባቱም ካርድ ቢጫ ነው፤ እንግዲህ ሁለት "ቢጫ ካርድ" ይኖራችኋል ማለት ነው። ባለቤቴ አንዴ ክትባቱን ሲጠየቅ የትውልዱን አውጥቶ ሰጥቷል።

ወባ፦ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አያሰጋም። ቆላ ስትወርዱ ግን ያሰጋል። የመከላከያው መጠን በልጁ ኪሎ ነው የሚሰላው፣ ስለዚህ ባለፈው ዓመት የታዘዘውን ዘንድሮ አትስጡት። አጎበር ይዛችሁ ሂዱ፤ ዲት ያለበት የትንኝ መከላከያ ከ2 ወር በላይ ላለ ልጅ ይሆናል፣ እጁ ላይ ግን አትቀቡት፣ አፉ ውስጥ ይከተዋል።

የእብድ ውሻ በሽታ፦ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ትንሽ ልጅ ውሻ ሲያይ ይሮጥለታል፣ ቁመቱም ልክ ከውሻው አፍ ጋር ነው። ከነከሰው ወይም ከቧጨረው ቁስሉን በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ ሰዓት እያያችሁ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት። "የቤት ውሻ ነው፣ ምንም አይል" የሚለውን ጎረቤት አትስሙ።

ተቅማጥና ትውከት አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦአርኤስ) አሥር ከረጢት ያዙ፣ ቦታ አይፈጅም። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨው አታብዙ፣ አደገኛ ነው። በጡጦ ሳይሆን በማንኪያ፣ ቀስ እያላችሁ። ልጁ ፈዞ ከተኛ፣ እንባ ካጣ ወይም ሽንት ካቆመ ቤት ውስጥ አትሞክሩ፣ ውሰዱት።

ኢንሹራንስ ስትገዙ ሁለቱን ዓይነት አታምታቱ። የጉዞ ኢንሹራንስ ድንገተኛን ብቻ ይይዛል፤ ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ ደግሞ ክትባትና መደበኛ ምርመራንም ሊያካትት ይችላል፣ ግን ይወደዳል። የትኛውንም ብትገዙ ሕመምተኛውን ወደ ሌላ አገር የማጓጓዝ ወጪ እንዳለበት አረጋግጡ።

4. ገንዘብ

በመጀመሪያ ገቢው፣ ከዚያ መንገዱ። ቁጠባ ይዤ እየበላሁ እዞራለሁ የሚል ሰው ልጅ ከሌለው ይቻለዋል። ከልጅ ጋር ግን ገንዘብ ማለቅ ሲጀምር ርካሽ ቤትና የሌሊት አውቶቡስ ይመረጣል፣ ያኔ እንቅልፉ ይሄዳል፣ እንቅልፉ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል።

የኛ አሠራር እንዲህ ነው። ባለቤቴ ከድሮው መሥሪያ ቤቱ ለቆ በኮንትራት ከርቀት ይሠራል። ከውጭ አገር ሆኖ መሥራት እንደሚፈቀድለት ውሉ ውስጥ በጽሑፍ አስገብቷል። ዝም ብሎ ላፕቶፕ ይዞ መጥፋት ይዋል ይደር እንጂ ይታወቃል። እኔ ደግሞ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ክረምት ላይ፣ አሜሪካ ተመልሰን የ13 ሳምንት የትራቭል ነርስ (ሰው በጎደለበት ሆስፒታል ለጊዜው የሚሠራ ነርስ) ኮንትራት እሠራለሁ። የሜሪላንድም የቨርጂኒያም ነርስ ከ40 በላይ ግዛት የሚያሠራ ባለብዙ ግዛት ፈቃድ ማውጣት ትችላለች፤ ለዚህ ኑሮ ከነርስነት የተሻለ ሥራ አላየሁም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ትራቭል ነርስ የሚቀጥሩ ኤጀንሲዎች "ታክስ የማይቆረጥበት የቤት አበል" ይሏችኋል። አበሉ ታክስ የማይቆረጥበት ሌላ ቦታ የምትከፍሉበት ቋሚ ቤት ካላችሁ ነው። ቤታችሁን ለቃችሁ ከወጣችሁ ይቆረጥበታል። ሁለተኛው፣ ውጭ ለሚኖር አሜሪካዊ ያለው የገቢ ታክስ ቅናሽ ነው (ለ2025 እ.ኤ.አ. እስከ 130,000 ዶላር)። በአንደኛው መስፈርት በ12 ወር ውስጥ 330 ሙሉ ቀን ከአሜሪካ ውጭ መሆን ይጠይቃል። የኔ 13 ሳምንት ብቻውን 91 ቀን ስለሆነ እኛ አንገባም። ለመግባት ብላችሁም አትቸኩሉ፤ ያንን ቅናሽ የወሰደ ሰው ተመላሽ የሚሆነውን የልጅ ታክስ ክሬዲት አያገኝም፣ በግሉ የሚሠራም 15.3 በመቶውን የግል ሥራ ታክስ (የማኅበራዊ ዋስትናና የሜዲኬር) መክፈሉ አይቀርለትም። ውጭ አገር የባንክ ሒሳብ ከከፈታችሁና ድምሩ በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ ግዴታ ነው። ውጭ አገር ገቢ የገጠመው የሒሳብ ሰው ፈልጉ፣ ገንዘቡን አትሳሱለት።

ስልክ ቁጥራችሁን አትዝጉ። እኔ ዘጋሁት። የወር ክፍያውን ለመቆጠብ! ትብሊሲ (የካውካሰስ አገር የጆርጂያ ዋና ከተማ) ላይ ኪራይ ልከፍል ባንኬ ውስጥ ስገባ የማረጋገጫ ኮዱን የላከው ወደተዘጋው ቁጥር ነው። ዘጠኝ ቀን በባለቤቴ ካርድ ኖርን። ቁጥሩን ወደ ርካሽ መስመር ወይም ወደ ኢንተርኔት ቁጥር አዙሩት፣ ከዚያም ከመነሳታችሁ በፊት የየባንኩ ኮድ እንደሚደርሳችሁ ፈትኑ። ለፖስታ ደግሞ ደብዳቤ ተቀብሎ ስካን የሚያደርግ አድራሻ ተከራዩ። የአሜሪካ ፖስታ ቤት ፎርም 1583 ኖተሪ ፊት ይፈረማል፣ ይህንን አገር ውስጥ ሳላችሁ ጨርሱት።

ዕቁብ ያላችሁ፣ ዕጣ ከወጣላችሁ በኋላ ቀሪውን ክፍያ ሳታስተካክሉ እንዳትሄዱ። የኛ የመነሻ ገንዘብ ግማሹ ዕቁብ ነው። የቀረብንን በየወሩ የምትከፍልልን እህቴ ናት፣ እኛ ለሷ እንልካለን። "ዕቁብ በልተው ጠፉ" ከተባለ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ተመልሶ መኖር የለም።

ከሁሉም በፊት ግን የመመለሻውን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጡ። የሦስት ሰው ትኬት፣ የአፓርትመንት ማስያዣና የሁለት ወር ኪራይ። ሌላ ሒሳብ ውስጥ፣ ካርድ የሌለው።

5. ዘመድ

እናቴ "ምን ጎደለባችሁ?" አለችኝ። አማቴ ግን "የልጅ ልጄን ይዛችሁ ልትንከራተቱ?" ብለው ሦስት ቀን አላናገሩንም። በክርክር አይሆንም። የሠራልን ሁለት ነገር ነው፦ የመጀመሪያውን ሁለት ወር እሳቸው ጋ አደረግነው፣ ከዚያ ደግሞ እሑድ እሑድ በተወሰነ ሰዓት በቪዲዮ እንደውላለን። ያንን ሰዓት አንድ ጊዜ ብትዘነጉ ስድስት አገር የሚኖር ዘመድ በሙሉ ይደውልላችኋል።

6. ዕቃ

ከሦስት ወር በፊት መሸጥ ጀምሩ፤ የመጨረሻው ሳምንት ላይ በነፃ ነው የሚወስዱት። ስቶሬጅ (የዕቃ ማስቀመጫ) የተከራየነው አንድ ትንሽ ክፍል ብቻ ነው፦ ፎቶ፣ የሠርግ ልብስ፣ ጀበናና ረከቦት። የቀረውን ሸጥን። አልቆጨኝም። ከጥሩው ድስት በቀር።

ለጉዞው አንድ አዋቂ አንድ ሻንጣና አንድ የጀርባ ቦርሳ። ልጅቷ የራሷን ትንሽ ቦርሳ ትሸከማለች፣ መጫወቻዋም ቦርሳዋ የያዘላትን ያህል ብቻ ነው። ጋሪውን ብዙ አታምኑት። ትብሊሲ ውስጥ የእግረኛ መንገዱ ላይ መኪና ቆሟል፣ መሻገሪያው በደረጃ ወደ መሬት ውስጥ ነው። ጋሪውን ለሁለት ሰው እየተሸከምን አንድ ሳምንት ከሠራን በኋላ አማቴ የሰጡንን አንቀልባ አወጣሁት። ልጄ ያኔ 13 ኪሎ ነበረች፤ ቢሆንም ጀርባዬ ላይ ስትሆን በአምስት ደቂቃ ትተኛለች። ጀርባ ላይ የሚተኛ ልጅ ካላችሁ ግማሹ ችግር ተቃልሏል።

የመኪና ወንበር አትተዉ። "ለአውሮፕላንም የተፈቀደ" የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ፣ ሁለት ዓመት ከሞላው በኋላ ልጁ የራሱ መቀመጫ ስለሚገዛለት እዚያው ታስሩታላችሁ፤ የለመደው ወንበር ስለሆነ ይተኛል። ሁለት ዓመት ያልሞላው ጭን ላይ ይሄዳል፣ ዓለም አቀፍ በረራ ላይ ብዙ ጊዜ የአዋቂውን 10 በመቶ ያህል ያስከፍላሉ።

ስንቅ። አያቶቻችን አውቀውታል፦ በሶ። እሳት አይፈልግ፣ አይበላሽ፣ ልጅ ይወደዋል። በትንሽ ማርና ውኃ ከታሸ ሦስት ሰዓት ለዘገየ አውሮፕላን ይበቃል። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ልጁን ሥራ ያስይዘዋል፤ በጣም ትንሽ ለሆነ ልጅ ግን አትስጡ፣ ያንቃል። ቋንጣ ይዛችሁ አሜሪካ ለመግባት አትሞክሩ፣ ይወስዱባችኋል።

አንድ ትንሽ ምክር፦ ልጁ አቅፎት የሚተኛውን ብርድ ልብስ ከመነሳታችሁ በፊት አትጠቡት። አዲስ ክፍል ውስጥ የሚታወቀው ነገር ሽታው ብቻ ነው።

7. የት እንሂድ?

ካርታ ላይ ከሚያምረው ሳይሆን ከቪዛው ቀናት ጀምሩ። በአሜሪካ ፓስፖርት ጆርጂያ አንድ ዓመት፣ አርመን በዓመት 180 ቀን ያለ ቪዛ ያስቀምጣሉ። ሼንገን (ድንበራቸውን እርስ በርስ የከፈቱት የአውሮፓ አገሮች) ግን ለሁሉም አገር በአንድ ላይ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ነው፣ ለልጁም ጭምር፤ ከጣሊያን ወደ ስፔን መዛወር ቆጣሪውን አያድሰውም። የቱሪስት መግቢያ የሥራ ፈቃድ እንዳልሆነም አትርሱ፣ ከርቀት ለሚሠራ ሰው አገሩ ምን እንደሚል አስቀድማችሁ አጣሩ።

ቀጥሎ የምጠይቃቸው ጥያቄዎች አሰልቺ ናቸው። የልጆች ሐኪም ያለበት ሆስፒታል በመኪና ስንት ደቂቃ ነው? በእግር የሚደረስበት መጫወቻ አለ? ልብስ ማጠቢያ አለ? መኝታ ክፍሉ መጋረጃው ያጨልማል? የመጨረሻው ቀልድ አይደለም፤ ጥቁር ጨርቅና ማጣበቂያ ይዤ ነው የምዞረው።

ትብሊሲ ለኛ የተመቸችው በሰዓቷ ነው። የአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ በበጋቸው ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሥራ ሲጀምር እዚያ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ባለቤቴ እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሠራል፣ ቀኑ በሙሉ የልጁ ነው። ወደ ምታጽሚንዳ ተራራ በሚወጣው ባቡር እንሄዳለን፣ ኻቻፑሪ የሚሉትን አይብ ያለበት ዳቦ ይዘን። የመንገድ ውሾቹ ብዙዎቹ ጆሯቸው ላይ የተከተቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ምልክት አላቸው። ለልጄ ግን ያስተማርኳት "ምልክት ያለውም የሌለውም አይነካም" ብዬ ነው።

የአርመን ዋና ከተማ ዬሬቫን ደግሞ ሌላ ነገር አጋጠመን። ያኔ ሀ ሁ እያስቆጠርኳት ነበር። አንድ ሱቅ ፊት ቆማ ሰሌዳውን እያሳየች "እማዬ፣ የኛ ፊደል!" ብላ ጮኸች። የአርመን ፊደል እውነትም ከሩቅ ያሳስታል። ማታ አባቷ ስለ አርባ ልጆች ነገራት፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ስላመጧቸው አርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ የንጉሡን ዘመን መዝሙር ዜማ ስለደረሰው ስለ ኬቮርክ ናልባንዲያንም። ግማሹን እንኳ ሳትሰማ ተኛች። ከሁሉም የወደደችው በየመንገዱ ያሉትን የመጠጥ ውኃ ፏፏቴዎች ነው፤ አንዱንም ሳትጠጣ አታልፍም፣ ስለዚህ ትርፍ ሱሪ ያዙ።

8. አዲስ ቤት ስትገቡ

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት ምንም አትጎብኙ። መጀመሪያ የልጁን መኝታ አንጥፉ፣ ሻንጣው ይቆይ። ከዚያ ሱቅ፣ መጫወቻ፣ ቤት፣ በተመሳሳይ መንገድ ሦስት ቀን ደጋግማችሁ ሂዱ። ቤቱ ቢቀየርም የማታው ቅደም ተከተል አይቀየር፤ የኛ ገላ፣ ወተት፣ አንድ ተረት፣ "አባታችን ሆይ"፣ መብራት ማጥፋት ነው። ቅዳሜ ቡና እናፈላለን፣ በድስት ቆልተን። ልጄ "ቤታችን የት ነው?" ሲሏት "ቡና የሚሸትበት" ብላ አታውቅም። "ሻንጣው ጋ" ነው የምትለው። ይህን ስሰማ ደስ አይለኝም፣ ግን እውነቱ እሱ ነው።

አማርኛውን ቤት ውስጥ አጥብቁ። በየአገሩ ቋንቋው ሲቀያየር የማይቀየር አንድ ያስፈልጋታል።

እናንተም ተራ ግቡ። በሳምንት አንድ ቀን እኔ ብቻዬን እወጣለሁ፣ አንድ ቀን እሱ። አያትና አክስት በሌለበት 24 ሰዓት ሦስታችሁ አንድ ክፍል ውስጥ ናችሁ፤ ትዳር የሚደክመው እዚህ ላይ ነው። ከገንዘብ ይልቅ በዚህ የተመለሱ አውቃለሁ።

9. መቼ ይቆማል?

ከመውጣታችሁ በፊት ቀኑን ወስኑ፣ በኋላ ታራዝሙታላችሁ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም የግዴታ ትምህርት ከ5 ዓመት ይጀምራል፤ እዚያ ተመዝግባችሁ የምትኖሩ ከሆነ ወይ ታስመዘግባላችሁ ወይ በቤት እንደምታስተምሩ ታሳውቃላችሁ። አንዳንድ አገር፣ ለምሳሌ ጀርመን፣ ለነዋሪ የቤት ትምህርትን አይፈቅድም።

ከዚያ በፊትም የሚያስቆም ነገር አለ። ልጁ ትቶት የነበረውን አልጋ ላይ መሽናት እንደገና ከጀመረ፣ በየምሽቱ ከተነሳ፣ ከሦስት ሳምንት በላይ ሰው የሚሸሽ ከሆነ ቀጣዩን ትኬት ሰርዙ። እኛ ባለፈው ጥቅምት እንዲህ ገጥሞን ወደ ሦስተኛ አገር መሄዱን ትተን አዲስ አበባ አማቴ ጋ ተመለስን፣ አራት ወር ተቀመጥን። አሁን ይህንን የምጽፈው ከዚያው ሆኜ ነው። ልጅቷ ከሰፈር ልጆች ጋር ሰኞ ማክሰኞ ትጫወታለች፣ ጎረቤት ያለች አንዲት ጓደኛ አላት። መስከረም ላይ አምስት ይሞላታል። ትናንት ባለቤቴ ቀጣዩን ቤት እያሳየኝ ነበር፣ መጋረጃውን ጠየቅኩት፣ አላየሁትም አለኝ።